ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል

መጋቢት 4፤ ጠዋት 1፡15

የውሃው ሙቀት 27 ዲግሪ። ከፍታው በግማሽ ጣት ጎድሏል። ከጀሪካኑ ሞላሁት። መብራት አለ፤ ፓምፑ ያንኮራፋል። እሷ ተከፍታለች።

የጠዋቱ ዘገባ ይኸው ነው። ዜና አንባቢ ብሆን በዚህ እሰናበት ነበር። ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ደብተሬ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሙቀትና ከፍታ ብቻ ስጭርብህ ከርሜ ማን እንደሆነች እንኳ አልነገርኩህም። ነውር ነው። እንግዲህ ስማ። ጡረታ ስወጣ የት/ቤቱ መምህራን አዋጥተው የመስተዋት ገንዳ ሸለሙኝ፤ 80 ሊ. የሚይዝ። መዋጮው ለመስተዋቱ ደረሰ፣ ለዓሣው አልደረሰም። ገንዳው ሳሎን ውስጥ ሦስት ወር ባዶውን ተገተረ፤ ባለቤቴ አስቴር ሽንኩርት ልታስቀምጥበት ዓይኗን ጥላበት ነበር። ያኔ ነው ጎረቤታችን ጀማል፣ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወሎዬ፣ ምን ላምጣልዎት ጋሼ ያለኝ። ለቀልድ ባሕር አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ባሕር ያላወራሁት የለም፤ አይቼው ግን አላውቅም።

ጀማል ቀልድ አያውቅም። አሥር ጀሪካን የባሕር ውሃ ጭኖ መጣ። በበረዶ ሣጥን ውስጥ ደግሞ እሷን፣ ከነድንጋይዋ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጥቶት ነው። ኬላ ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ ምንድን ነው አለው። አበባ። ግንዱስ? የለውም። ቅጠሉስ? የለውም። ፈታሹ ትንሽ አስቦ ክዳኑን ዘጋና እለፍ አለው።

የባሕር አበባ ይሏታል እንግዲህ። አበባ ግን አይደለችም። እንስሳ ናት። ትበላለች።

መጋቢት 6፤ ከሰዓት 9፡00

ተመገበች። የቆቃ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ በስንጥር ጫፍ። ዐቢይ ጾም ነው፤ በዚህ ቤት ዓሣ የምትበላ እሷ ብቻ ናት። አስቴር ምራቋን ዋጥ አድርጋ አለፈች።

ደብተሬ፣ ይህን በትክክል ልጻፈው። ዓይን የላትም። ጆሮ የላትም። ልብም አንጎልም የላትም። ቁራጩ አንዲት ክንዷን ሲነካት ያቺ ክንድ ትይዘዋለች። ወዲያው ጎረቤቷ ትሰማለች፤ የጎረቤቷም ጎረቤት። የዕድር ጥሩምባ የተነፋበት ሰፈር ይመስላሉ፤ ሁሉም ከያለበት ወደ መሐል ያዘነብላል። መሐል ላይ አፏ ይከፈታል። ቁራጩ ገባ። ተዘጋ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ።

እያንዳንዳቸው አንጎል ያላቸውን ስልሳ ተማሪዎች በአንድ ደቂቃ ወደ አንድ ነገር አዙሬ አላውቅም።

ደግሞ ክንዶቿ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተከራዮች አሉ። ከመብራቱ ብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ ኪራይ የሚከፍሉት በስኳር ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ተነስቼ አምፖሉን ወለወልኩ።

ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት አዴ ሎሚ ልታያት መጣች። «በርሲሳ» ነው የምትለኝ፣ መምህር ማለቷ። ትጮኻለች ወይ? አትጮኽም። ትወልዳለች? አላውቅም። ትታረዳለች? አዴ ሎሚ! «ታዲያ ምን ታደርጋለች፣ በርሲሳ?» ትከፈታለች አልኳት። ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ አየች። ሱቋን ከፍታ እንደመጣች ያስታወሳት ደንበኛ ነው።

መጋቢት 11፤ ጠ. 2፡00

መብራት ትናንት አራት ሰዓት ያህል ጠፋ። አየር እንዲያገኝ ውሃውን በጭልፋ ስቀዳና ስደፋ ዋልኩ። አስቴር ከምትሠራበት ክሊኒክ ስትመለስ ምን እየሠራህ ነው አለች። ማዕበል አልኳት።

ዛሬ በግማሽ ነው የተከፈተችው። ክንዶቿ አጥረዋል። ሙቀት 29። አዳማ በመጋቢት ራሱን ምጣድ ላይ የተቀመጠ ያስመስላል። ማራገቢያ አዞርኩላት፤ እኛ በጋዜጣ እንራገባለን። ውሃው ፈጥኖ ይጎድላል፣ ዛሬ አንድ ሙሉ ጣት። ከጀሪካኑ ሞላሁ። መስተዋቱ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ይዟል፤ አቧራ ነው። በጨርቅ ጠረግሁት።

መጋቢት 14፤ ከሰ. 11፡30

ሄዳለች! ጠዋት ድንጋይዋ ባዶ። ሌባ ገባ አልኩ። ስንት ነገር ባለበት ቤት። ፓምፑ ጀርባ ጨለማው ውስጥ ተለጥፋ አገኘኋት። እግር አላት ለካ፤ አንድ ብቻ፣ እንደ ቀንድ አውጣ። የእጄን ጡጫ ያህል ሆናለች፤ ክንዶቿ ተሰብስበዋል። የፓምፑ አፍ እንዳይስባት የአስቴርን የሻይ ማጥለያ አሰርኩበት። ስለ ሻዩ ወደፊት እንነጋገራለን ተብያለሁ።

ጀማል ከመንገድ ገባ። ጫማውን አውልቆ ገንዳው ፊት ቁጢጥ አለ። ቆየ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ እንዳልረሳው፦ «ጋሼ፣ ካገሯ ያወጣኋት እኔ ነኝ። እዚህ ብትሞት ወንጀሏ በኔ ነው። መጋቢት 24 እጭናለሁ። እስከዚያ ካልተከፈተች ይዣት እመለሳለሁ። ወላሂ አልለምንዎትም።»

እሺ አልኩት። ምን እላለሁ? እሺ እያልኩ ግን ውስጤ ደጃፉን በጀርባው ይዞ ቆሞ ነበር።

አሥር ቀን።

መጋቢት 16፤ ጠ. 3፡00

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እየተጫንኩ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው። በራሴ።

ቁርስ ላይ አስቴርን አጫወትኳት። እኔ የሰው ነርስ እንጂ የዚህ አይደለሁም አለች፤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩበት ነገር ያስለፈልፋል። ያንኑ ሁሉንም በሽተኛ የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ። ምን ይገባል? ምን ይወጣል?

የሚወጣው እንፋሎት ነው አልኩ። የሚገባው የባሕር ውሃ ነው አልኩ።

አልኩና ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩ። አስቴርም እንጀራዋን እንደያዘች አየችኝ።

ደብተሬ፣ በየዓመቱ ተማሪዎቼን በኪራይ አውቶቡስ አብጃታ ሐይቅ ዳር ወስጄ፣ ነጩን ዳርቻ በዱላዬ እየነካሁ፣ እንዲህ እል ነበር፦ ይህ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨውን ግን አትወስድም። ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል! ድገሙት! ይደግሙታል። ፈተና ላይ አምስት ነጥብ ነበር። ያልመለሰውን ተማሪ አይቼ አዝን ነበር።

ስምንት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ባሕር ስጨምር፣ በእንፋሎት የሄደው ንጹሕ ውሃ፣ የመጣው ጨዋማ። ሳሎኔ ውስጥ አብጃታን ሠርቼ ጠዋት ጠዋት ነጩን ዳርቻውን በጨርቅ ጠርጌያለሁ። አቧራ ነው ብዬ!

ምክንያቱን ልንገርህ? ኩራት። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ጥርስ ያበልዛል፤ የኔን ጥርስ ያየ ማስረጃ አይጠይቅም። ለእንግዳ የኛን ውሃ አላቀርብም፣ የባሕር ልጅ ባሕሯን ትጠጣ ብዬ ነው። እንግዳን የሚገድለው እንዲህ ያለ መስተንግዶ ነው።

መጋቢት 17፤ ከሰ. 10፡00

ማረጋገጥ አለብኝ። ሁለት እኩል ጠርሙስ፤ አንዱን ካልተከፈተ ጀሪካን፣ አንዱን ከገንዳው ሞልቼ አዴ ሎሚ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን አላት፣ የአባቷ ነበር። ስኳር ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ቆመው ያያሉ። የጅቡቲን ባሕር በአንዱ ሰሃን፣ የኔን ባሕር በሌላው። የኔ ዘቀጠ።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ባሕር በሱቅ ሚዛን ላይ። አዴ ሎሚ ደስ አላት፤ የኔ ይሻላል፣ ዕቃ ሲከብድ ነው አለች። ውሃ ላይ አይሠራም አልኳት።

ከዚያ ጋራዥ። ጨውም ሌላም ያልገባበት ውሃ ያስፈልጋል፤ የባትሪ ውሃ፣ አሲድ የሌለበት። 25 ሊ. አልኩ። መካኒኩ መኪና ገዙ እንዴ መምህር አለ። አልገዛሁም። ታዲያ ይኸ ሁሉ? እንስሳ አለኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገና «ስንት ቮልት ናት?» አለኝ።

ቤት ስደርስ ልገለብጠው ነበር። አስቴር እጄን ያዘች። ጨው የበዛበትን በሽተኛ ባንዴ በውሃ ከደፈቅከው ራስህ ትገድለዋለህ፤ ቀስ ተብሎ ነው አለች። ከመድኃኒት ቤት አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ አመጣች። በመጋረጃው ብረት ላይ ዕቃውን ሰቀለች፣ ቱቦውን ወደ ገንዳው አወረደች፣ መቆጣጠሪያዋን በአውራ ጣቷ አዙራ ሰዓቷን እያየች ጠብታ ቆጠረች። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። እኔ ጨዋማውን በማንቆርቆሪያ እያወጣሁ፣ ንጹሑ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በቀን ስድስት ሊ.፣ አራት ቀን።

ይህችን ሴት ካገባሁ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬ እንደገና አየኋት።

መጋቢት 20፤ እሑድ አይደለም ግን ቤቱ ሞልቷል

የጉሉኮሱን ቱቦ በመስኮት ያየ አይቷል። መምህር ተኝቷል፣ ቤት ውስጥ ጉሉኮስ ተሰክቶለታል ተብሎ ሰፈሩ ለጥየቃ ወጣ። መጀመሪያ አዴ ሎሚ፣ ብርቱካን ይዛ። በሩን ራሴ ስከፍትላት ደነገጠች። ታዲያ ማነው የታመመው? በጣቴ አሳየኋት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቃል። አዴ ሎሚ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ወንበር ያዘች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። መቼ ጀመራት? ምግብ ትወስዳለች? አልወሰደችም አልኩ። «አይዞህ፤ ረቢ ይማራታል» አለች፣ ፈጣሪ ማለቷ። ከኋላዋ የመጡትም እሷን አይተው ተቀመጡ። ስድስት ሰው በእርጋታ ገንዳውን ከቦ፣ የጠብታውን ድምፅ እየሰማ። ወግ ነው፤ የታመመ ቤት ቶሎ አይነሱም።

ልስቅ አሰብኩ። ግን ተነስቼ ብርቱካኑን ላጥኩላቸው።

መጋቢት 22፤ ጠ. 1፡00

ጠብታው አበቃ። ጠርሙሶቹን ይዤ ሚዛኑ ጋ ሄድኩ፤ ሁለቱ ሰሃኖች እኩል ቆሙ። አዴ ሎሚ አጨበጨበች።

እሷ ግን እንደተዘጋች ናት። ሙቀት 27። ቆሮሶ አቀረብኩ፤ አልነካችውም። ነገ አንድ ቀን፣ ከዚያ ጀማል።

የበረዶ ሣጥኑን አጠብኩ። እንደ መንገደኛ የልብስ ሣጥን።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ለእሷ ብቻ አይደለም የማዝነው። ባሕር ስትሄድብኝ ነው። ያገሬ ካርታ ባሕር ሲነካ ልጅ ነበርኩ፤ ካደግሁም በኋላ አንድ ቀን እሄዳለሁ ስል ሌላ ትምህርት ዘመን ተጀመረ፣ ከዚያ ሌላ። የደረሰኝ ባሕር ይህ ነው፤ ሰማንያ ሊትር። አስቴር ያለወትሮዋ ለስለስ ብላ፣ የምታስታምማት እንድትድን ነው ወይስ እንዳትሄድ አለችኝ። ሣጥኑን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። አምስት ነጥብ ቀነሰችብኝ።

መጋቢት 23፤ ጠ. 2፡10

ተቀድዳለች።

ከፓምፑ ጀርባ ወጥታ መስተዋቱ ላይ ተለጥፋለች፣ ከፊቴ። ጠፍጣፋና ረጅም ሆናለች፤ የእግሯ ግማሽ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይጎትታል። አፏ መሐል ለመሐል ተለጥጧል። ገደልኳት። አስቴር ሥራ ገብታለች፤ ስልኳ አይነሳም።

3፡40

አሁንም። መሐሏ እንደ ክር ቀጥኗል። ልረዳት እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ምን ብዬ ነው የምረዳት?

5፡00

ደብተሬ፣ አንድ ነገር እየመጣብኝ ነው።

በየዓመቱ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ፣ ሰሌዳው ላይ ይህን ሸለቆ እስል ነበር። ምድር ከሥራችን ወዲያና ወዲህ እየተሳበች ነው፤ ጥፍር ከሚያድግበትም በዘገየ ፍጥነት። አንድ ቀን መሐሉ ይበጠሳል፣ ባሕር በአፋር በኩል ሰብሮ ይገባል፣ ሁለት ምድር ይሆናል። ከኋላ አንድ ተማሪ አዳማ ትሰምጣለች ወይ ይላል። ገና ነው፣ የቤት ሥራችሁን ሥሩ እላለሁ። ደወል ይደወላል።

መቀደድ ሞት ነው ብዬ ግን አስተምሬ አላውቅም።

ሚሊዮን ዓመት የሚፈጀው ነገር ከቁርስ እስከ ምሳ፣ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። ሻይ አላፈላሁም፤ ማጥለያም የለም።

7፡25

ተበጠሰች።

10፡50

ሁለት ናቸው።

ሁለቱም በየጎናቸው ቁስላቸውን እንደ ጋቢ ጠቅልለው ክብ እየሆኑ ነው። የግራዋ ሦስት ክንድ አወጣች። የቀኟ አምስት። ጫፎቻቸው አብጠዋል፣ የጤነኛ ምልክት ነው! ሁለቱም ያንኑ አንድ መብራት ያያሉ፤ ዓይን ሳይኖራቸው።

አስቴር ስልክ መለሰች። ሁለት ሆነች አልኳት። ማን? አለች። ከዚያ መጣች፣ የሥራ ጋውኗን ሳታወልቅ። ቆመን አየን። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ጾም ባይሆን እልል እል ነበር አለች፤ ቀስ ብላም እልል አለች።

መጋቢት 24፤ ከሰ. 9፡30

ጀማል የበረዶ ሣጥኑን ሊወስድ መጣ። ምንም አልነገርኩትም፤ ገንዳው ፊት አቆምኩት። «ሱብሃነላህ።» ቁጢጥ አለ። ቆጠረ። ሁለት ቢሆኑም እንደገና ቆጠረ።

ከዚያ የልብ ጥያቄ ጠየቀኝ። ያመጣኋት የትኛዋ ናት? አላውቅም አልኩት። እናትና ልጅ አይደሉም፤ ታላቅና ታናሽ አይደሉም፤ ሁለቱም እሷ ናቸው። ሁለቱም ከጅቡቲ መጥተዋል፣ ሁለቱም ትናንት አዳማ ተወልደዋል። ቀበሌ ይዣቸው ብሄድ የልደት ካርድ ክፍሉ ለሦስት ቀን ይዘጋል።

ጀማል ቃሉ ቃል ነው፤ ተከፍታለችና አልወስዳትም አለ። ቃሉን እንደጠበቀ ሳየው የኔ የውሸት «እሺ» ከበደኝ። ትናንት በአንድ ክንድ ርቀት ያየሁትን ሰማንያ ሊትር ውስጥ ቆልፌ ብቻዬን ልይዘው? አንዷ እዚህ ትኑር፣ አንዷ ወዳገሯ ትመለስ አልኩት። ሣጥኑን ሊከፍት እጁን ሰደደ። አስቴር በኮሚሽነር ድምፅ፦ «ቁስል ሳይሽር በሽተኛ አይንቀሳቀስም!» እሺ እትዬ አለ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ።

እንግዲያው በሌላ ጊዜ ልመልሳት አለ። አይሆንም አልኩ። እኔ ነኝ የምመልሳት። ከጎንህ ተቀምጬ፣ ሣጥኑን ጉልበቴ ላይ ይዤ፣ በገዛ እጄ።

ጀማል ቀልድ እንደማያውቅ ነግሬሃለሁ። በጣም በቁም ነገር አየኝና «ፓስፖርት አለዎት ጋሼ?» አለ።

መሳቢያ ከፍቼ የነዋሪነት መታወቂያዬን አሳየሁት።

መጋቢት 25፤ ጠ. 5፡15

ሙቀት 27። ውሃው በግማሽ ጣት ጎደለ፤ በባትሪ ውሃ ሞላሁ። ሁለቱም ተከፍተዋል። የግራዋ ቆሮሶ በላች። የቀኟ አሰበችበት።

ፎቶ ተነሳሁ፤ ሳይስቁ ተባልኩ፣ ፎቶ አንሺው ጥርሴን አይቶ ይሆናል። ከዚያ ፓስፖርት ቢሮ። ተራ ረጅም ነው፤ ከፊቴ ያሉት ሁሉ የልጆቼ እኩያ። አንደኛው ልጅዎ ጋ ሊሄዱ ነው አባባ አለኝ። አይ፣ ሰው ላደርስ ነው አልኩት። የምጠብቀውን ጊዜ ነግረውኛል፤ ወራት ነው። ይሁን፤ ቁስሉም እስኪሽር ወራት ነው።

የትኛዋ ትሂድ የሚለው አስቴርንና እኔን ቁርስ ላይ ሊያጣላን ነበር። አዴ ሎሚ ፍርድ ሰጠች፦ ማንም አይምረጥላቸው፤ ቁስሉ ከሻረ በኋላ መጀመሪያ ከቦታዋ ተነስታ የሄደችው፣ መሄድ የፈለገችው እሷ ናት።

ጥሩ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን እኔ ዛሬ ጠዋት፣ በስልሳ ዓመቴ፣ ከወንበሬ ተነስቼ እስከ ፓስፖርት ቢሮ በእግሬ ሄጃለሁ። ስለዚህ መሄድ የፈለግሁት እኔም ነኝ።